ምንጣፉ ካልተስተካከለ መኪናው ምን ያደርጋል?

እንጀራ የምትጋግር ባለሙያ ሴት እሳቱን ከማንደዷ በፊት የምትመለከተው ምጣዱ በጉልቻው ላይ እንዴት እንደ ተቀመጠ ነው። ምጣዱ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ያለ እንደ ሆነ ሊጡ ወደዚያው ይሸሽና እንጀራው በአንድ በኩል ወፍራም፣ በሌላው በኩል ስስ ሆኖ ይወጣል። ሊጡ ምንም ያማረ ቢሆን፣ እጅዋም ምንም የሠለጠነ ቢሆን፣ ምጣዱ ካልተስተካከለ ያ ሁሉ ሙያ አያድናትም። ስለዚህ ዝቅ ባለው ጉልቻ ላይ ገል ቢጤ ጣል አድርጋ ምጣዱን ካቃናች በኋላ ወደ ሥራዋ ትገባለች።

ይህን የጓዳ ጥበብ ማንሣታችን ስለ እንጀራ ለመጻፍ አስበን አይደለም። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወጋ የፈለግነው በኮምፒዩተር እየታዘዘ እንጨት ስለሚቀርጽ አንድ ትንሽ መኪና፣ ይልቁንም ከዚያ መኪና ሥር ስለሚነጠፈውና ማንም ልብ ስለማይለው ጣውላ ነው። ጣውላው ርካሽ ነው፤ ሲያልቅም ይጣላል። ነገር ግን በእርሱ መጣመም ምክንያት በአንድ ቀን ያበላሸነውን ሥራ ለማቃናት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል። ምናልባት ከጥፋታችን ሌላው ሰው ይማርበት እንደ ሆነ ብለን ነገሩን ከነዝርዝሩ ለማቅረብ ወደድን።

መኪናው ምን ዓይነት ነው?

ይህ መኪና በተለምዶ ሲ ኤን ሲ ይባላል፤ ትርጓሜውም በኮምፒዩተር አማካይነት በቁጥር የሚታዘዝ ማለት ነው። ለሚያየው ሰው የሚያስፈራ ቢመስልም አሠራሩ ቀላል ነው። በአራት ማዕዘን ብረት ላይ ድልድይ የሚመስል ነገር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በድልድዩ ላይ አንድ ሞተር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይመላለሳል፤ ሞተሩም በበኩሉ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል። በሞተሩ ጫፍ በደቂቃ ከአሥር ሺህ ጊዜ በላይ የሚዞር ስለታም ፑንታ ይታሠራል። ሠሪው የሚፈልገውን ፊደል ወይም ሐረግ በኮምፒዩተር ይነድፋል፤ ኮምፒዩተሩም ንድፉን ወደ ቁጥር ለውጦ «እስከዚህ ሂድ፣ ይህን ያህል ውረድ» እያለ መኪናውን ያዛል።

የዚህ መኪና ዘር የመጣው ከትልቅ ቤት ነው። በአሜሪካ አገር በሚሺጋን ይኖሩ የነበሩት ጆን ፓርሰንስ የተባሉ የፋብሪካ ሰው የሄሊኮፕተር ክንፍ ቅርጽ በትክክል ለማውጣት ሲደክሙ፣ የመኪናን መንገድ በቁጥር የመወሰን አሳብ አመጡ። አሳቡም በአሜሪካ አየር ኃይል ድጋፍ ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ደርሶ፣ በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. በተበሳ ወረቀት የሚታዘዝ የፍሬዛ መኪና ተሠርቶ ለሕዝብ ታየ። በዚያን ጊዜ ይህ የአውሮፕላን ሠሪዎች ዕቃ እንጂ የተራ ሰው ዕቃ አልነበረም። ወደ ተራ ሰው ቤት የገባው በቅርብ ዘመን ነው። በዚያው አቆጣጠር በ2005 በኢጣልያ አገር በኢቭሬያ ከተማ አርዱዊኖ የተባለው ርካሽና ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ተሠራ፤ በ2009 ደግሞ ሲመን ስቫሌ ስኮግስሩድ የተባለ ኖርዌያዊ፣ ያ ትንሽ ሰሌዳ የመቅረጫ መኪና ለመንዳት እንዲችል የሚያደርግ ግርብል የተባለ ፕሮግራም ጽፎ ለሁሉም በነፃ አወጣ። ከዚያ ወዲህ በትርፍ ጊዜው እንጨት ለሚወድ ሰው ሁሉ መንገዱ ተከፈተ። እኛም ከሦስት ዓመት በፊት የሥራ ሜዳው 80 ሳንቲሜትር በ80 ሳንቲሜትር የሆነ አንድ መኪና ገዝተን በቤታችን ጓሮ ባለችው ክፍል ውስጥ አስቀመጥን።

ስለዚህ መኪና አንባቢ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ዕውር መሆኑ ነው። ከፑንታው ሥር እንጨት ይኑር፣ ብረት ይኑር፣ ወይም የሰው ጣት ይኑር አያውቅም። «አንድ ሚሊሜትር ተኩል ውረድ» ቢሉት ሠሪው ከወሰነለት መነሻ ቆጥሮ ይወርዳል እንጂ እንጨቱ በዚያ ቦታ ከፍ ይበል፣ ዝቅ ይበል አይመለከትም። እንግዲህ ዕውር በትክክል እንዲሄድ ከተፈለገ መንገዱን ማስተካከል የዐይናማው ፈንታ ነው።

ይህም መንገድ ምንጣፉ ጣውላ ነው። ፑንታው እንጨቱን በስቶ በሚያልፍበት ጊዜ የመኪናውን የብረት አልጋ እንዳይነካ ከሥራው ሥር አንድ ሰሌዳ ይነጠፋል። በእንግሊዝኛ ስሙ «የሚጣል ሰሌዳ» እንደ ማለት ነው፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ ምንጣፍ ጣውላ እንለዋለን። አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ የሚውለው የቤት ዕቃ ሠሪዎቻችን በሚገባ የሚያውቁት ኤም ዲ ኤፍ ነው፤ ይኸውም እንጨት ወደ ደቃቅ ጭረት ተለውጦ፣ በሙጫ ተለውሶ፣ በሙቀትና በኃይል ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ ነው። አንባቢ ሰሌዳው ከሱቅ ሲገዛ ጠፍጣፋ ነውና ምን ማስተካከል ያስፈልገዋል ይል ይሆናል። እኛም ያልነው ይህንኑ ነበር።

የዕድሩ ሰሌዳ

በሰፈራችን ከአርባ ዓመት በላይ የቆየ ዕድር አለ። ከመሥራቾቹ መካከል ዘጠኙ በሞት ስለ ተለዩ፣ ስማቸው በእንጨት ላይ ተቀርጾ በዕድሩ ቤት ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል አባሎቹ ተስማሙ። በሕይወት ካሉት መሥራቾች አንዱ ዕድሜያቸውን በሙሉ በአናጢነት ያሳለፉ ሽማግሌ ናቸው። እርሳቸውም የአባታቸው ቤት ሲፈርስ ከመዝጊያው ያስቀሩትን አራት ሳንቲሜትር ውፍረት ያለውን የዋንዛ ጣውላ በልጅ ልጃቸው አሸክመው ወደ ቤታችን መጡ።

«ልጄ፣ ያ መኪናህ ፊደል ይቀርጻል ሲሉ ሰማሁ። እኔ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ፊደል አልችልም። ይህን እንጨት ግን ሁለተኛ አላገኘውምና ተጠንቅቀህ ሥራው» አሉን።

«አባባ፣ አይሥጉ፤ መኪናው አይሳሳትም» ብለን መለስን። መኪናው በእርግጥ አልተሳሳተም፤ የተሳሳትነው እኛ ነን።

ስሞቹን በሦስት ዓምድ፣ በየዓምዱ ሦስት ሦስት አድርገን ደረደርናቸው። ለፊደሉ የመረጥነው ጫፉ ሾጣጣ የሆነና 90 ዲግሪ ማዕዘን ያለው ፑንታ ነበር። ይህ ዓይነቱ ፑንታ በጠለቀ መጠን ፊደሉ እየሰፋ ይሄዳል፤ አንድ ሚሊሜትር ቢወርድ ሁለት ሚሊሜትር ስፋት ይከፍታል፤ ግማሽ ሚሊሜትር ቢወርድ አንድ ሚሊሜትር ይከፍታል። ስለዚህ ከፍና ዝቅን እንደዚህ ፑንታ ፈጥኖ የሚያጋልጥ የለም። እኛም 1.5 ሚሊሜትር እንዲወርድ፣ የፊደሉም መስመር 3 ሚሊሜትር እንዲሰፋ አዝዘን፣ መነሻውን በጣውላው ግራ ጫፍ ላይ ወስነን ሞተሩን አስነሣን።

የመጀመሪያው ዓምድ እጅግ ያማረ ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው ቀጠን አለ። በሦስተኛው ዓምድ መጨረሻ ላይ ፑንታው እንጨቱን መንካቱ እንኳ አጠራጠረ፤ የፊደሉ ስፋት ከ0.6 ሚሊሜትር የማይበልጥ ጭረት ሆኖ ቀረ። በኋላ ስንለካው ጣውላው በተኛበት ቦታ በግራና በቀኝ መካከል የ1.2 ሚሊሜትር ልዩነት ነበር። አንድ ሚሊሜትር ከሁለት ዐሥረኛ ማለት ለቤት ሠሪ ከምንም አይቈጠርም፤ ለእኛ ግን የአንድን ሰው ስም የሚያጠፋ ሆነ። በዚያ ቦታ ላይ የተጻፈው የሽማግሌው ታላቅ ወንድም ስም ነበርና።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ጣውላውን ለብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱ። ከዚያም «የሌሎቹን ጻፍከው፤ የወንድሜን ግን በጥፍር ቧጨርከው» አሉ። በእድሜያችን ከዚህ የከበደ ተግሣጽ ደርሶብን አያውቅም።

ሽማግሌው ያዩት

ሌላ እንጨት ገዝተን እንደምንሠራላቸው ብንነግራቸው አልሰሙንም። ወደ መኪናው ቀርበው «አልጋውን አሳየኝ» አሉ። ከዚያም እኩል ወርድ ያላቸው ሁለት ቀጥ ያሉ በትሮች ከልጅ ልጃቸው ተቀብለው አንዱን በምንጣፉ ጣውላ በስተፊት፣ ሌላውን በስተኋላ አጋድመው፣ ጎንበስ ብለው በአንደኛው ጠርዝ ላይ አሻግረው ሌላውን ተመለከቱ። የሁለቱ በትሮች ጠርዝ በአንድ መስመር የሚታይ ቢሆን ኖሮ ሰሌዳው ያልተጣመመ ነው። የእኛ ግን በስተቀኝ አንደኛው ከሌላው ሥር ጠልቆ ታየ። «ይህ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ብቻ አይደለም፤ የተጠማዘዘም ነው። እኛ በር ስንሠራ መጀመሪያ የምናየው ይህን ነው። መኪና ስለ ሆነ ማየት የማያስፈልግ መሰለህ?» አሉን።

እርሳቸው በዐይን ያዩትን እኛ በመኪናው ለካነው። በምንጣፉ ጣውላ ላይ ዘጠኝ ቦታ ምልክት አደረግን፤ በእያንዳንዱም ምልክት ላይ ተራ የጽሕፈት ወረቀት አንጥፈን ሞተሩ ሳይዞር ፑንታውን ቀስ በቀስ እያወረድን፣ ወረቀቱ ሲጐተት ያዝ ማድረግ የሚጀምርበትን ቁጥር መዘገብን። የዚህ ዓይነት ወረቀት ውፍረት የአንድ ሚሊሜትር ዐሥረኛ ያህል ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ በቂ መለኪያ ነው። ከዘጠኙ ቦታዎች ከፍተኛው በግራ በኩል ፊት ለፊት ያለው ሲሆን፣ ዝቅተኛው በቀኝ በኩል በስተኋላ ያለው ሆነ፤ በሁለቱም መካከል 1.4 ሚሊሜትር ልዩነት ተገኘ።

ለዚህ መፍትሔው በመኪናው ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። መኪናው የገዛ ምንጣፉን ራሱ እንዲልግ ይደረጋል። ሰፊ ፑንታ ይታሠርለትና በጣውላው ላይ ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሰ ከፍ ያለውን ሁሉ ያነሣል፤ ሲጨርስ ጣውላው ከመኪናው መንገድ ጋር እኩል ይሆናል። ነገሩ ሲነገር ይህን ያህል አጭር ነው። ሲሠራ ግን እንዲህ አጭር አልሆነልንም።

በጥድፊያ የደረሰብን

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚሉት፣ ሽማግሌው ገና ከበር እንደ ወጡ ስፋቱ 25 ሚሊሜትር የሆነ፣ ከአንድ ብር ሳንቲም ጥቂት የሚያንስ ፑንታ አሥረን ሥራውን ጀመርን። አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ የብረት ጩኸትና የእሳት ብልጭታ ሆነ። ጣውላውን ከአልጋው ጋር ካሠሩት ብሎኖች አንዱ ራሱ በበቂ ጥልቀት አልተቀበረም ኖሯልና ፑንታው ገጭቶት የአንደኛው ስለት ጥግ ተሸረፈ። ከፑንታው ዋጋ ይልቅ ያስደነገጠን ብልጭታው በተከመረው ሰጋቱራ ላይ መውደቁ ነው። ፈጥነን ሞተሩን ባናጠፋና ሰጋቱራውን ባናርቅ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ስለ ሌላ ነገር በሆነ ነበር።

በማግሥቱ ብሎኖቹን አውጥተን፣ የሚቀበሩበትን ጉድጓድ አጥልቀን፣ በብረቱ ፈንታ ለስላሳ የሆነውን የናስ ብሎን አስገባን፤ ናስ ቢነካ እንኳ ፑንታውን እንደ ብረት አይጎዳውምና። ሥራውም በመልካም ሁኔታ እየሄደ ሳለ ከግማሽ በላይ እንደ ደረሰ መብራት ጠፋ። የዚህ ዓይነት መኪና ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ያለበትን ቦታ ይረሳል። መብራቱ ሲመለስ መነሻውን እንደገና በወረቀት ለክተን ከቆመበት አስቀጠልነው፤ ነገር ግን ሁለተኛው ልኬት ከፊተኛው በጥቂቱ ስለ ተለየ በጣውላው መካከል እንደ ደረጃ ያለ መስመር ቀረ። ከዚህም የተማርነው ሥራው በመካከል የተቋረጠ እንደ ሆነ ቀሪውን መቀጠል ሳይሆን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉንም በአንድ ልኬት ማንሣት እንደሚገባ ነው።

ሦስተኛው ጥፋት በዐይን የማይታይ ነበር። ሁሉም ካለቀ በኋላ ጥፍራችንን በጣውላው ላይ ስናሻግር እንደ ታረሰ መሬት ትልም በትልም ሆኖ አገኘነው። ይህ የሚሆነው ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳይቆም ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ነው። ያጋደለ ፑንታ በአንድ ጠርዙ ጠልቆ በሌላው ጠርዙ ከፍ ስለሚል በየምልልሱ መካከል ትንሽ ደረጃ ይተዋል። ሽማግሌው በማግሥቱ መጥተው በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉትና «የመላጊያው ምላጭ ወደ አንድ ወገን ከወጣ እንዲሁ ነው። ቸኰልክ» ብለው ሄዱ።

ትክክለኛው ሥርዓት

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው በሥርዓቱ መሥራት የጀመርነው። ተመሳሳይ መኪና ያላቸው አንባቢዎቻችን እንዲጠቀሙበት ቅደም ተከተሉን እንደሚከተለው እንገልጻለን።

አንደኛ፣ የመኪናው እግርና አጥር ይታያል። መኪናው የተቀመጠበት ጠረጴዛ የተጣመመ እንደ ሆነ የመኪናው ብረትም አብሮ ይጣመማል። እኛ ከአንደኛው እግር ሥር ስስ ቆርቆሮ አስገብተን፣ የላሉትን ብሎኖች ሁሉ ስናጠብቅ ብቻ ከ1.4 ሚሊሜትሩ ልዩነት ግማሽ የሚያህለው ጠፋ። ይህን ሳያደርጉ ወደ መላግ መቸኰል የቤቱን መሠረት ትቶ ግድግዳውን እንደ መለሰን ያለ ነው።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ መቆሙ ይረጋገጣል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጠንከር ያለ ሽቦ ጐብጠን በሞተሩ ጫፍ ላይ አሠርን፤ የሽቦው ጫፍ ከመሐል አሥር ሳንቲሜትር ያህል ርቆ ወደ ታች እንዲመለከት አደረግን። ከዚያም ከሥሩ ትንሽ የመስተዋት ቁራጭ አንጥፈን፣ ኤሌክትሪኩን ነቅለን፣ ሞተሩን በእጃችን እያዞርን የሽቦው ጫፍ በፊት፣ በኋላ፣ በግራና በቀኝ ወረቀቱን በእኩል መንካቱን መረመርን። በአንድ ወገን ሲጠብቅ በሌላው የሚላላ እንደ ሆነ የሞተሩን ማሠሪያ ፈትቶ በወረቀት ቁራጭ እየደገፉ ማቃናት ነው። ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለእኛ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ፈጅቶብናል።

ሦስተኛ፣ ጣውላው በሙሉ በእርሳስ ይሰመራል። ከዳር እስከ ዳር አግድምና ቁልቁል መስመር በመስመር ማድረግ ነው። ፑንታው የነካው ቦታ ላይ እርሳሱ ይጠፋል፤ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ግን ይቀራል። ስለዚህ እርሳሱ ራሱ ምስክር ነው፤ የመጨረሻው መስመር እስኪጠፋ ድረስ ሥራው አላለቀም።

አራተኛ፣ መነሻው የሚወሰነው ከሁሉ ከፍ ባለው ቦታ ላይ ነው። በዝቅተኛው ላይ ቢወሰን ፑንታው ከፍ ወዳለው ሲደርስ ከሚገባው በላይ ጠልቆ ይገባና ሞተሩን ያስጨንቃል። በአንድ ዙር ከ0.4 ሚሊሜትር በላይ ባናነሣ መልካም ሆኖ አግኝተነዋል። ሰፊ ፑንታ በጣም ፈጥኖ መዞር ስለማይገባው ሞተሩን ወደ ዝቅተኛው ፍጥነቱ አወረድነው። ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው 10 ሚሊሜትር ብቻ እንዲራመድ፣ በደቂቃም 2 ሜትር እንዲሄድ አዘዝን። አንባቢ ሒሳቡን ቢሠራው 81 መስመር፣ እያንዳንዱ 80 ሳንቲሜትር ሲሆን 65 ሜትር ያህል ይመጣል፤ ስለዚህ አንድ ዙር ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ያን ሁሉ ጊዜ ከመኪናው አጠገብ መራቅ አይገባም።

አምስተኛ፣ ፑንታው የማይደርስበት ዳር እንዳይቀር ያስፈልጋል። መኪናው እስከ ጠርዝ ካልደረሰ በጣውላው ዙሪያ እንደ ሰፌድ ከንፈር ያለ ጠርዝ ይቀርና፣ ሰፋ ያለ እንጨት ሲጫንበት በዚያ ከንፈር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ ምንጣፉ ጣውላ ፑንታው ከሚደርስበት ሜዳ ጥቂት አንሶ መቈረጥ አለበት።

ስድስተኛና ከሁሉ የሚበልጠው የሰው ጤና ነው። ከኤም ዲ ኤፍ የሚወጣው ብናኝ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ በአየር ላይ ለብዙ ጊዜ ይንሳፈፋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1995 የእንጨትን ብናኝ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መካከል መድቦታል። በኤም ዲ ኤፍ ውስጥ ያለው ሙጫም በአብዛኛው ፎርማልዴሃይድ የተባለ መርዝ አለበት። አፍንጫን በነጠላ መሸፈን አይበቃም፤ ለብናኝ የተሠራ ጭምብል ማድረግ፣ ብናኙን ከፑንታው አጠገብ የሚመጥ መሣሪያ ማሠራት፣ በርና መስኮትም መክፈት ይገባል።

እውነተኛ ጠፍጣፋ የትኛው ነው?

በሁለተኛው ዙር የመጨረሻው የእርሳስ መስመር በቀኝ በኩል ባለው ጥግ ላይ ጠፋ። በመዳፋችን ብንዳስሰው እንደ መስተዋት ለሰለሰ። እኛም እጅግ ደስ ብሎን ሽማግሌውን አስጠራን። እርሳቸው ግን ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በጠርዙ አቁመው ከወዲያ ወዲህ ካደረጉ በኋላ «መሐሉ ጎድጉዷል» አሉ። በእርግጥም ከማስመሪያው ሥር መሐል ላይ ሁለት ወረቀት ገባ፤ ይኸውም 0.2 ሚሊሜትር ያህል ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ነገሩ በጥቂቱ ማሰብ ይፈልጋል። መኪናው ጣውላውን የላገው በራሱ መንገድ ነው። ድልድዩ በሞተሩ ክብደት መሐሉ ላይ በጥቂቱ የሚጎብጥ ከሆነ ጣውላውም ያንኑ ጉብጠት ይወርሳል። መኪናው ጣውላውን ከራሱ ጋር አስማማው እንጂ ከእውነተኛው ልክ ጋር አላስማማውም። በገዛ ጉዳዩ ላይ ዳኛ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ፍርዱ ሁልጊዜ ለራሱ ትክክል ሆኖ እንደሚታየው ማለት ነው።

ይህን ችግር ከረጅም ዘመን በፊት የፈታው የእንግሊዝ አገር ባለሙያ ነው። በ1803 የተወለዱት ጆሴፍ ዊትዎርዝ በወጣትነታቸው በለንደን በታወቀው በሄንሪ ሞድስሌይ የብረት መሥሪያ ቤት ሠርተዋል። በ1840 በግላስጎ ከተማ በተደረገው የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር ጉባኤ ላይም እውነተኛ ጠፍጣፋ ብረት እንዴት እንደሚገኝ አስረዱ። አሳቡ በሦስት ሰሌዳ የቆመ ነው። ሁለት ሰሌዳ ብቻ እያገናኙ ከፍ ያለውን ቢፍቁ፣ አንዱ እንደ ሳሕን ጎድጉዶ ሌላው እንደ ሆድ ተነፍቶ በሚገባ ሊገጥሙ ይችላሉ፤ ሠሪውም ጠፍጣፋ አገኘሁ ብሎ ይታለላል። ሦስተኛ ሰሌዳ ሲጨመር ግን ማታለሉ ያበቃል። የመጀመሪያው የጎደጎደ ከሆነና ሁለቱም ከእርሱ ጋር የሚገጥሙ ከሆነ፣ ሁለቱ የተነፉ ናቸውና እርስ በርሳቸው ሲገናኙ አይገጥሙም። እንግዲህ ሦስቱም በየተራ እየተገናኙ በሁሉም በኩል የሚገጥሙት ሦስቱም ጠፍጣፋ ሲሆኑ ብቻ ነው። ልክ የሌለው ሰው ልክን የሚያገኝበት መንገድ ይህ ነው፤ ሁለት ሲስማሙ አያምንም፤ ሦስተኛውን ያስመሰክራል።

ለእኛ ሽማግሌውና የብረት ማስመሪያቸው ሦስተኛ ምስክር ሆኑልን። «ታዲያ አባባ፣ ምን ይሻላል?» ብለን ብንጠይቃቸው «ሥራህ ምን ያህል ይፈልጋል? በር ለመሥራት ከሆነ ይህ ወርቅ ነው። ለፊደልህ ይብቃህ አይብቃህ አንተ አስላው» አሉን። እኛም አሰላነው። 0.2 ሚሊሜትር ልዩነት በ90 ዲግሪ ፑንታ የ0.4 ሚሊሜትር ስፋት ልዩነት ያመጣል፤ 3 ሚሊሜትር የሆነው መስመር መሐል ላይ 3.4 ሊሆን ነው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለሚነበብ ጽሑፍ ይህ በዐይን አይለይም። ስለዚህ ተውነው። ልክን ማወቅ ማለት የት መቆም እንደሚገባ ማወቅም ጭምር ነው።

ጣውላው የተላገው አንድ ጊዜ ስለ ሆነም ለዘላለም አይቆይም። ኤም ዲ ኤፍ እርጥበት ይጠጣል፤ ይልቁንም ጠንካራው የላይ ቆዳው ከተላገ በኋላ መሐሉ ስፖንጅ መሰል ስለ ሆነ በክረምት ወራት ያብጣል። የእኛም በሐምሌ ወር እንደገና ስንለካው ጥቂት ተነሥቶ ስለ ተገኘ ሌላ አንድ ቀጭን ዙር አስፈልጎታል። ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር የነበረው ጣውላ እንዲህ እየሳሳ ሄዶ ብሎኖቹን መቅበር ሲያቅተው ይጣልና አዲስ ይነጠፋል። ስሙ የሚጣል ሰሌዳ የተባለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የወንድማቸው ስም

ሽማግሌው ያን የዋንዛ ጣውላ ለመኪናው አልሰጡም። «ፊደሉ ነው የሚያንቀጠቅጠኝ እንጂ መላጊያ በሁለት እጅ ይያዛል» ብለው በግቢያችን ውስጥ ከፀሐይ ጥላ ሥር ሁለት ቀን ላጉት። ጥልቆቹ ፊደሎች እስኪጠፉ ድረስ ከውፍረቱ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ተነሣ። የአባታቸው መዝጊያ በእኛ ጥፋት በዚያ ልክ ሳሳ።

በዚህ ጊዜ እኛ በፊደሉ አልቸኰልንም። አስቀድመን በአንድ ተራ የኮምፐርሳቶ ቁራጭ ላይ በዘጠኙም ቦታዎች አጭር አጭር መስመር አስቀርጸን ስፋታቸውን በካሊፐር ለካን። ሁሉም እኩል መሆናቸውን ካየን በኋላ ዋንዛውን አሰርን፤ መነሻውንም በግራ ብቻ ሳይሆን በቀኝም፣ በመሐልም ፈተሽን። ሽማግሌው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከመጀመሪያው ስም እስከ ዘጠነኛው ድረስ ሲቀረጽ ተመለከቱ። መኪናው ሲቆም ተነሥተው ሰጋቱራውን በመዳፋቸው ጠረጉና የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በመጀመሪያው ስም ውስጥ፣ ቀጥሎም በወንድማቸው ስም ውስጥ አስኬዱ። «አሁን እኩል ናቸው» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ሰሌዳው ዛሬ በዕድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። የሚያየው ሰው ፊደሉን ያደንቃል፤ አንዳንዱም «ይህ የመኪና ሥራ ነው፤ መኪና አይሳሳትም» ሲል እንሰማለን። እኛም ከዚህ በፊት እንደዚሁ ብለን ነበርና አንቃወመውም። አንባቢዎቻችን ግን አዲስ መሣሪያ ወደ ቤታቸው ባስገቡ ጊዜ፣ ምን ይሠራልኝ ይሆን ብለው ከመጠየቃቸው በፊት በምን ላይ ቆሞ እንደሚሠራ እንዲመለከቱ እንመክራለን። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይባላልና፣ ምጣዷን ሳታቃና የማትጋግረው እናታችን ይህን ካወቀች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ የዘገየነው እኛ ነን።